ቀዩ ከረባት

አባ ጭጋግ ሞተሩን አጥፍቶ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ማንም አልሳቀም።

መሳቅ ነበረባቸው። ከግራ ክንፉ ሥር፣ ጣት በምታህል ቀጭን ቱቦ ላይ፣ ቀይ የሸራ ሽፋን እንደተሰካ ነው፤ ክንድ የሚያህለውን ጭራውን ነፋስ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። ያቺ ቱቦ የሚመጣውን አየር እየተቀበለች ለአብራሪው ፍጥነቱን የምትነግር ናት። አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ተርብና አቧራ እንዳይገባባት ትሸፈናለች፤ ከመነሳት በፊት ሽፋኗ ይወልቃል። ካልወለቀ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። አባ ጭጋግ ሽፋኑን ሳያወልቅ ተነስቶ፣ በበጋ በየጠዋቱ እንደሚደረገው እሳት አለመነሳቱን ለማየት ጫካውን ቃኝቶ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ አርፏል።

በዚያች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ይህ ከሠርግ የሚበልጥ ድግስ ነበር። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሽፋኑን ረስቶ የተነሳ አብራሪ ያንኑ ሽፋን እንደ ከረባት አንገቱ ላይ አስሮ ሳምንቱን ይከርማል። ተሳፋሪ ሲቀበልም፣ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድም፣ አማቶቹ ቤት ሲጋበዝም። "ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ያደረገውን አንድም ሳይቀንስ መናገር አለበት። ባለፉት አርባ ዓመታት ከረባቱን ያላሰረ አልነበረም። አንዱ አስሮት አማቱ ቤት ቢሄድ አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሱ አይተውት፣ "ልጄን ካገባህ ወዲህ ዛሬ ገና ሰው መሰልክ" ብለውታል።

ይህን የልጅ ጨዋታ ነው የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ወይ አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም፣ ወይ ከገዛ ስህተቱ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። በትልልቆቹ ቢሮዎች ስህተት ሲፈጠር ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ስህተቱ ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይዞ ብቅ ይላል። እነዚህ ሰዎች ስህተታቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ገበያ ያወጡት ነበር። ያየ ይስቃል፤ የሳቀ በማግሥቱ ከክንፉ ሥር ሁለት ጊዜ ጎንበስ ይላል። ከዚህ የተሻለ መመሪያ የጻፈ መሥሪያ ቤት ካለ ያምጣ።

ቅጽል ስማቸውንም ያወጣላቸው ጥፋታቸው ነው። አባ ጭጋግ አባ ጭጋግ የተባለው በወጣትነቱ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን፣ እርጥብ ቆዳ ጭኖ ሲመለስ ነው። በሬዲዮ፣ "ሜዳውን ጭጋግ ውጦታል፤ ማረፍ አልችልም፤ ሌላ ቦታ ልፈልግ ነው" ብሎ ለፈፈ። መካኒኩ ማነጋገሪያውን ተቀብሎ ጥርት ወዳለው ሰማይ አንጋጠጠና፣ "ወንድሜ፣ መሐረብ ይዘሃል?" አለው። "ይዣለሁ።" "እንግዲያውስ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ጥረገው።"

መካኒኩም አላመለጠም። አንድ ቀን ሞተር ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን ተረፈችው። አብራሪዎቹ በዚያ አውሮፕላን አንነሳም ብለው ሁለት ቀን አደሙ። በሦስተኛው ቀን ከአብራሪዎቹ ሦስቱ ተደርድረው የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ተገንድሶ መሬት ላይ ዘረጋቸው፤ ብሎኗ የወንበሩ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብሎን ሆኖ ቀረ። ሦስቴ የሚባለው ደግሞ የአብራሪነት ፈተናውን ሲወስድ አውሮፕላኑን ሦስት ጊዜ አንጥሮ ያሳረፈ ነው፤ ፈታኙ እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ "የትኛውን ልመዝግብልህ?" ብሎ የጠየቀው። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ሬዲዮ ክፍሉን ይጠብቃል። የመጨረሻዋ ባለርስቷ ናት፤ የአባ ጭጋግ ተማሪ የነበረች። ብቻዋን መብረር በጀመረች በወሩ የሌላ ሰው ሜዳ ላይ የራሳችን ነው ብላ አርፋ፣ የሜዳውን ዘበኛ፣ "አንተ ማነህ? እዚህ ማን አስገባህ?" ብላ ግማሽ ሰዓት ስታፋጥጠው ቆይታለች።

በዚያ ሜዳ አንቱ መባባልም የለም። አባ ጭጋግ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው። "ተራራ ሊገጭ ያለን ሰው እያከበርክ ስታስጠነቅቀው ተራራው ይደርሳል" ይል ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ምን ሆነ? ብሎን ሰማይ ሰማዩን እያየ መጣና ሽፋኑን ነቅሎ፣ እንግዳ ፊት የልጁን ንፍጥ እንደሚጠርግ አባት ፈጠን ብሎ፣ ጠቅልሎ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። ባለርስቷ እጆቿን አጣምራ፣ "እንኳን ደህና ገቡ፣ ጋሼ" አለች። ገቡ! ሦስቴ ደግሞ በሬዲዮ ክፍሉ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ቆንጆ አስተራረፍ ነበር" ሲል ጨመረበት።

በዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚመሰገነው ሲቀበር ብቻ ነበር።

"ማን ሞተ?" አለ አባ ጭጋግ።

"ኧረ ማንም" አለ ብሎን።

"ታዲያ የለቅሶ ቤት ፊት ያመጣባችሁ ምንድን ነው? ኪስህ ውስጥ የከተትከውን አውጣ።"

"መፍቻ ነው።"

"ቀይ ጭራ ያለው መፍቻ ከመቼ ወዲህ ነው የተሠራው?"

ብሎን ወደ ኪሱ አየ። ጭራው ተንጠልጥሎ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ሊመልሰው ሞከረና ተወው።

"ግባና ሻይ ጠጣ" አለው። "ፀሐዩ ከረር ብሏል።"

"ፀሐይ! አርባ ዓመት ፀሐይ ላይ ስታቆመኝ ኖረህ ዛሬ አሳዘንኩህ?"

ገቡ። የአብራሪዎቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት የጃኬት መስቀያ አለ። ድሮ ዘግይቶ የመጣ ጃኬቱን የሌላው ላይ ይደርብ ነበር፤ አሁን ሦስት ጃኬት ብቻ ተንጠልጥሎበታል። አንዱን ልጆቹ ወሰዱት፣ አንዱን የልብ ሕመም ከመብረር ከለከለው፣ አንዱ ትልልቁን አውሮፕላን ሊያበር ሄዶ ዩኒፎርም ለባሽ ሆነ፤ ሌሎቹ እንደ ወጉ አርጅተው በየአልጋቸው ሞቱ። አባ ጭጋግ ከራሱ ሌላ ያለውን ስምንቱን ባዶ መስቀያ በየስሙ ያውቀዋል። ጃኬቱን አላወለቀም።

"አምስት ጊዜ አስራችሁልኛል" አለ እንደቆመ። "አምስት ጊዜ! አንዴም ሙሽራ አስመስላችሁ ፎቶ አንስታችሁኛል። ስድስተኛው ምን ነውር አለው? በሠላሳ ዓመቴ ያሳቃችሁ ነገር በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለቅሶ የሚሆነው በየት አገር ሕግ ነው? ወይ ስህተት ነው፣ ወይ አይደለም! ስህተት ከሆነ እሰሩልኝ። እኔን ሸፋፍናችሁ ልትቀብሩ ካሰባችሁ ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ገላዬን ልታጠብ።"

ሦስቴ ጉልበቱን ያሻል። ብሎን ብርጭቆ ያጥባል፤ ታጥቦ የነበረውን ብርጭቆ።

ባለርስቷ ናት የተናገረችው። "ጋሼ፣ መርፌውን አይተኸዋል?" አንቱታው ጠፍቷል።

"አይቼዋለሁ እንጂ!"

"መቼ?"

"እንደተነሳሁ። ዜሮ ላይ ተጋድማለች። እናንተ ደስ አይበላችሁ ብዬ በሬዲዮ ትንፍሽ አላልኩም። በጆሮዬና በመቀመጫዬ ነው ያሳረፍኩት፣ አንቺን እንዳስተማርኩሽ። ሞተሩ ሲያንጎራጉር፣ መሪው ሲላላ... መርፌ ለጀማሪ ነው!"

"እሺ" አለ ሦስቴ። "በቃ፣ እንዲህ ከሆነ..."

"አይሆንም" አለች ባለርስቷ። "ታዲያ ልታርፍ ስትል 'ሰባ' ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?"

አባ ጭጋግ ወደ ሦስቴ ዞረ።

"ሰባ አልኩ?"

"ሁላችንም ሰምተናል።" አለች ባለርስቷ ጠጋ ብላ። "ሦስቴ በመነጽሩ ቀይዋን ሲያያት 'ከረባት! ከረባት!' እያለ ጠራን። እየሮጥን ወጣን። ብሎን ሆዱን ይዞ መሬት ተቀምጧል። እኔ ራስህን እንድታይ ብዬ ከመኪናዬ መስታወት አምጥቻለሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ መጣህ። በዚያች በረጋች ድምፅህ፤ 'ፍጥነት ሰባ፣ የክንፍ ፍላፕ ሙሉ፣ እያረፍኩ ነው።' መርፌህ ዜሮ ላይ ተኝታ አንተ ሰባ ትለናለህ። ሳቃችን እዚያው ደረቀ፣ ጋሼ። ድሮ ሽፋኑን የረሳ ሰው ገና ማኮብኮቢያው ላይ ሳለ መርፌውን ያየዋል፤ ወይ አየር ላይ ሆኖ ያየውና እየተሳደበ ይመለሳል። የደነገጥነው አንተ ረሳህ ብለን አይደለም። አላየህም ብለን ነው።"

አባ ጭጋግ ክርክር ሲያልቅበት የሚያደርገውን አደረገ። "ሁላችሁም ገደል ግቡ!" ብሎ በሩን በርግዶ ወጣና መኪናውን አስነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ባለቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ሆና ጡረታ የወጣች ናት። መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ከመነጽሯ በላይ አየችው።

"ዛሬ ደግሞ ማንን ተሳድበህ መጣህ?"

"ሦስቱንም።"

"ምን አጠፉ?"

"አመሰገኑኝ።"

እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። መርፌውን አይቼዋለሁ የሚለውን ውሸት እንዳለ አስገባው። ሰባ ያለውን ግን፣ "አፌ ለምዶት ነው፣ ምን አለበት!" ብሎ አቃለለው። ሚስቱ ስቃ መኪናዋን አቆመች።

"ይሄ ያንተ አፍ! ልጃችን ስትወልድ አራስ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ስመለስ ጎረቤታችን አኩርፋኝ ጠበቀችኝ። ምን አድርጌሽ ነው ብላት፣ 'ሳምንት ሙሉ ቤትሽ ተቀምጠሽ አንድ ቀን ብቅ ብለሽ ሰላም አላልሽኝም' አለችኝ። 'ኧረ አገር ውስጥም አልነበርኩም፣ እቴ!' ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ታዲያ ባልሽ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ፣ ደህና ዋይ፣ ለምሳ እመጣለሁ የሚለው ማንን ነው?'"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎኝ። ባዶ ቤት እንኳ የምትሰናበተኝ ባል አለኝ ብዬ ተኩራርቼ።" ከዚያ ፊቱን አየችና መሳቋን ተወች። "ምነው?"

የጠዋቱን በረራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሐሳቡ እያበረረው ነበር። የጡብ ፋብሪካውን ጭስ አስታወሰ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋስ የለም። የጫካውን ጠርዝ አስታወሰ። በቀኝ ጉልበቱ ላይ ያረፈችውን የፀሐይ ሙቀት አስታወሰ። ከዚያ ወደ መለኪያዎቹ መጣ፤ ከግራ በላይ በኩል ያለችው የፍጥነት መለኪያ ወለል ብላ ታየችው። መርፌዋ ሰባ ላይ ነበረች። በዓይኑ ያየው ያህል፣ ዝንፍ ሳትል፣ ሰባ።

መርፌዋ ግን ሽፋኑ ሳይወልቅ ሰባ ላይ ልትሆን አትችልም። ያ ሰባ የዛሬ አይደለም፤ ከስንት ሺህ አሮጌ ማረፍ ተበድሮ ያመጣው ነው። አባ ጭጋግ መርሳትን አይፈራም፤ የማይረሳ አብራሪ አይቶ አያውቅም። የፈራው ይህን ጥርት ያለ ትዝታ ነው።

"ምሳ ላቅርብ?" አለች ሚስቱ።

"መጣሁ" ብሎ ተነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ደረሰ። ሦስቱም እዚያው ናቸው። ብሎን የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከፍቶ ዘይት ያያል፤ ባለርስቷ መሰላሉን ይዛለታለች፤ ሦስቴ ወንበሩን ከሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ አውጥቶ እግሩን ዘርግቷል። ሲያዩት ሁሉም ሥራ የበዛበት ሰው መሰሉ።

"አላየሁትም" አለ አባ ጭጋግ።

ብሎን እጁን እየጠረገ ከመሰላሉ ወረደ።

"ተነስቼም፣ ጫካው ላይም፣ ሳርፍም አላየሁትም። ሰባ ያልኩት ከአፌ ነው። ጠዋት የነገርኳችሁ ውሸት ነው። አሁን እንኳ መርፌዋ፣ ቁርጥ አድርጌ የምምል እስኪመስለኝ ድረስ፣ ሰባ ላይ ቆማ ትታየኛለች።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ከእንግዲህ ብቻዬን አልነሳም።"

ወደ አንዱ አየ፣ ወደ ሌላው አየ።

"ምነው 'ኧረ ተው' የሚል ጠፋ?"

"ጨዋነት ይቅር ያልከው አንተ ነህ" አለች ባለርስቷ። ዓይኗን ሌላ ቦታ አድርጋለች።

ያኔ ሦስቴ፣ ሲያስብበት የዋለ ይመስል፣ ረጋ ብሎ፣ "በነገራችን ላይ ሰባ ስትል ፍጥነትህን መስሎን ነው የደነገጥነው። ለካ ዕድሜህን ነው" አለ።

"ስልሳ ስምንት ነኝ!"

"ታዲያ መለኪያው ሁለት ቁጥር ብቻ ነዋ የተሳሳተው። ብሎን፣ አስተካክልለት።"

መጀመሪያ የፈነዳው ብሎን ነው። ሳቁ ከሆዱ እየተንከባለለ ወጥቶ የቆርቆሮው ጣራ አስተጋባው። ባለርስቷ መሰላሉን ተደግፋ ተጣጠፈች። አባ ጭጋግ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ እስኪያስለው፣ ብሎን ጀርባውን እስኪመታው ሳቀ። ብሎን ሽፋኑን ከኪሱ አውጥቶ ክብ አድርጎ አሰረለት፤ ጠበቅ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ጉሮሮ እስኪይዝ። ባለርስቷ ያን መስታወት አምጥታ ፊቱ ላይ ደቀነችለት።

"አማረብኝ?"

"አስከሬን መስለሃል።"

"ተመስገን" አለ አባ ጭጋግ። "ሰው አደረግሽኝ።"

ከዚያ የድሮው ወሬ ተጀመረ፤ ማን ያስቆመዋል? ወደ ትልልቁ አውሮፕላን የሄደው ጓደኛቸው የራሱን ጫማ ክንፍ ላይ ረስቶ የተነሳበት ቀን፤ አንዱ መልከ መልካም በሬዲዮ ለሚስቱ ያሰበውን የፍቅር ቃል አሥራ አንዱም አብራሪ በየአየሩ ሆኖ ሰምቶ፣ ሚስቱ ብቻ ሳትሰማው የቀረችበት። ሁሉም ወሬውን ያውቀዋል፤ የሚስቁት ግን የሚያስቀው የሚመጣበትን ቦታ እያወቁ፣ ቀድመው ነው። የስምንቱ መስቀያ ባለቤቶች እዚያው በመካከላቸው ቆመው እንደሚሰደቡ ያህል ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብሎን ተነስቶ የነገውን የበረራ ሰሌዳ ጠመኔ ይዞ ጻፈ። ከአብራሪው ቦታ ላይ ባለርስቷን አደረገ። ቀጥሎ ጠመኔውን ይዞ ቆመ።

"አንተን ምን ብዬ ልጻፍህ?"

"ጭነት" አለ ሦስቴ።

"ጻፈው" አለ አባ ጭጋግ።

በማግሥቱ ጠዋት አባ ጭጋግ ከነከረባቱ በአውሮፕላኑ ቀኝ በኩል ገባ። በአርባ ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላውን ሊያስተምር ብቻ ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። አንዴ ጭኑ ሥር አስገባው፣ አንዴ ቀበቶውን አጠበቀበት። ባለርስቷ አየችው። ጫካውን አልፈው ሲመለሱ ካርታዋን ከጎኗ እየፈለገች፣ "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ያዘው" አለች።

ካርታ አያስፈልጋትም። ያን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። አባ ጭጋግም ያን ያውቃል። ግን ያዘው። መሪው በጣቶቹ መካከል ሕያው ሆነ፤ አውሮፕላኑ አየሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ አንዲት ጣት ወዲህ ሲላት ወዲህ፣ ወዲያ ሲላት ወዲያ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄዱ። ካርታው ሳይዘረጋ ጭኗ ላይ እንደተኛ ነው። ከፊታቸው የሜዳው ጣራ ብልጭ ሲል ልትቀበለው እጇን አላነሳችም። ጠበቀችው። ቢፈልግ ማሳረፉ የእሱ ነበር፤ አንድም ሰው አያውቅም፤ እሷ ደግሞ አትናገርም።

አባ ጭጋግ ሜዳውን አየ። ጣራው ቀርቧል።

"መሪው ያንቺ ነው" አለ።

"መሪው የእኔ ነው" አለች፣ ወጉ እንደሚያዘው። ተቀበለችው።

እጁን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በዚያው ቅጽበት ሬዲዮው ተንጫጫና የሦስቴ ድምፅ መጣ። "አይቻችኋለሁ። ማን ነው የሚያሳርፈው?"

ባለርስቷ ወደ ማነጋገሪያው በአገጯ ጠቆመችው። አባ ጭጋግ አነሳው፤ ቁልፉን ተጫነ።

"እሷ ናት" አለ። ከዚያ ቁልፉን ሳይለቅ፣ "ከሥር ሰው ካለ ዞር ይበል።"